«እናቶቻችን ጭንቀት አያውቁም ነበር» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላኩልኝ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው፤ አንዷ «አንብቢና ሳቂ» ብላ፣ ሌላዋ «መልስ ያስፈልገዋል» ብላ። ሁለተኛዋን ሰማሁ። በአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት የምሠራ ነኝና ጸሐፊው ከውጭ የመጣብን ፋሽን አድርገው ያቀረቡት ነገር ለእኔ የዘወትር ሥራዬ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ፣ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። እናቶቻችን ከእኛ የባሰ መከራ አሳልፈው ድብርት የሚባል ነገር አላወቁም። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ በድብርትና በጭንቀት ይሠቃያሉ የሚለው ቁጥር የመጣው ሴት ስለምታወራና ወንድ ስለማያወራ ነው። ልዩነት ቢኖር እንኳ ከተፈጥሮ እንጂ ከበደል አይደለም። ቡና፣ ማኅበር፣ ሽማግሌና ጸበል እያለን ኪኒን ምን ያደርግልናል? ሕጉም እኩል አድርጎናል፤ የሆስፒታሉ በርም ለሁሉም ክፍት ነው። ዓረብ አገር ሄደው ታመው የሚመለሱት ልጆች የወላጅ ምክር ስላልሰሙ ነው። በመጨረሻም፣ ወባና የምግብ እጥረት ባለበት አገር ስለ ሴቶች የአእምሮ ጤና ማውራት ቅንጦት ነው።

ጸሐፊው በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፉት፤ እናታቸውን ባነሱበት ቦታ ደግሞ ቃላቸው ይለሰልሳል። እኔም ጨዋነታቸውን ሳልረሳ ልመልስ።

ከእናቶቻችን እንጀምር። «ጭንቀት አያውቁም ነበር» ለማለት መጀመሪያ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ማን ጠየቃቸው? «ሆድ ይፍጀው» ብለው ያሳለፉትን ሁሉ እንዳልነበረ ቆጥረን አሁን የጤንነታቸው ማስረጃ ልናደርገው አይገባም። ሌሊት በዶሮ ጩኸት ተነስተው በወፍጮ ላይ ያንጎራጉሩት የነበረውን የሰማ ሰው ሆዳቸው ባዶ እንዳልነበረ ያውቃል። የዛር ቤቱንስ ማን ነበር የሚሞላው? አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ዛሩ ሲነሳባት አዲስ ቀሚስ ይጠይቃል፣ ሽቶ ይጠይቃል፣ ቡና ይፈላልኝ ይላል። ሚስቱ በራሷ አፍ ብትጠይቀው የማይሰጣትን ባልየው ለዛሩ ፈርቶ ይሰጣል። ስለ መንፈሱ ያለኝ እምነት ለራሴ ይቆይልኝ፤ ነገር ግን ፍላጎቷን በሌላ ስም ካልሆነ መናገር የማትችል ሴት ጤነኛና ደስተኛ ነበረች ብሎ ለመከራከር ድፍረት ይጠይቃል።

የዛሬዋም ሴት ብትሆን «ጨንቆኛል» ብላ አትመጣም። ፌስታል ይዛ ነው የምትመጣው። ፌስታሉ ውስጥ የዓመታት ወረቀት አለ፤ የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ውጤት፣ ያውም በተለያየ ጤና ጣቢያ ደጋግሞ የተሠራ፣ የጨጓራ መድኃኒት ማዘዣ፣ የአልትራሳውንድ ፎቶ፣ የወገብ ራጅ። «ምን ያምሻል?» ስትባል ራሷን ይዞ እንደሚያዞራት፣ ደረቷን እንደሚያፍናት፣ ውስጧን እንደሚያቃጥላት ትናገራለች። መናገር ከቻለች ነው ይህም፤ ብዙ ጊዜ አጠገቧ የተቀመጠው ባል ወይም ወንድም ቀድሞ ይመልሳል። «ምንም የጎደለባት ነገር የለም፤ ዝም ብላ ነው።» መቼ እንደጀመራትም እሱ ነው የሚናገረው። ስለዚህ አንድ ዘዴ ለምጃለሁ፤ ባልየውን ካርድ ክፍል ሄዶ ማኅተም እንዲያስመታ እልከዋለሁ። ማኅተሙ ባያስፈልግም ወረፋው ረጅም ነው። በሩ ሲዘጋ የምሰማው ታሪክ ፌስታሉ ውስጥ ካለው ወረቀት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላዩት ነገር አለ። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ እንጀራ ስትጋግር፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ልጅ ስታሳድግ ስለነበር ማንም ታመመች አላለም። «ታማለች» የተባለችው ጋገራውን ያቆመች ቀን ነው። የእናቶቻችንም ነገር እንዲህ ነበር፤ ሥራቸውን ስላላቆሙ አልታመሙም ተባለ።

ወደ ቁጥሩ ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ድብርት በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ በግማሽ ያህል በልጦ ይታያል። ጸሐፊው ይህን «የአፍ ጉዳይ» ያደርጉታል፤ ሴት ታወራለች፣ ወንድ ይደብቃል። ከክርክራቸው ትክክል የሆነውን ልስጣቸው። ወንዶች ይደብቃሉ፤ በዓለም ላይ ራሳቸውን ከሚያጠፉ ሰዎች ውስጥ የወንዶቹ ቁጥር ከሴቶቹ በእጥፍ ይበልጣል። ይህን የማይል የአእምሮ ጤና ባለሙያ አላውቅም። ነገር ግን የእኛ አገር ሴት ታወራለች ያሉት ከየት አምጥተውት ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ጠይቆ ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ እርዳታ ፈልገውም ለሰው ተናግረውም አያውቁም ነበር። «የምታወራዋ ሴት» ይህቺ ናት።

በዚሁ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ቢያውቁት ለራሳቸው የሚጠቅማቸው ሌላ መረጃ ስላለ እኔው ልንገራቸው። በቡታጅራ ቤት ለቤት እየተዞረ ከባድ የአእምሮ ሕመም ሲጠና ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውኑ ዓለም የሚያርቅ ሕመም) ካለባቸው ሰዎች ውስጥ ሴቶቹ ከሩብ በታች ነበሩ። በሌላው ዓለም ልዩነቱ እንዲህ የሰፋ አይደለም። የዚያ አካባቢ ወንዶች በእርግጥ ይበልጥ ይታመሙ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ የታመመችው ሴት ማጀት ውስጥ ቀርታ ጎረቤቱም ጥቆማ የሚሰጠውም ሰው አላያትም። ሜዳ ላይ ወጥቶ የሚጮኽ ወንድ ሰፈሩን ያስቸግራል። ጓዳ ውስጥ ለራሷ የምታወራ ሴት ማንንም አታስቸግርም። ከሥራዬ ስነሳ ሁለተኛው ግምት ክብደቱ ይታየኛል፤ ወደ እኛ በሰንሰለት ወይም በገመድ ታስረው የሚደርሱት በብዛት ወንዶች ሲሆኑ፣ ሴቶቹ የሚደርሱት እጅግ ዘግይተው ነው።

«ተፈጥሮ ነው» የሚለውን በአጭሩ እመልሳለሁ። የሆርሞን መለዋወጥ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ሕመም ድርሻ አለው፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ያስጠናውን ጥናት ውጤት ይፋ ሲያደርግ፣ ቡታጅራና አካባቢዋ ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ የበለጠ ቁጥር ተመዘገበባቸው። ትዳር ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው ከባል ወይም ከአጋር አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ 54 በመቶው ደግሞ ከጥናቱ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ። በዚያው አካባቢ በተሠራ ጥናት በባሏ የምትጠቃ ሴት በድብርት የመያዝ ዕድሏ ካልተጠቃችው በልጦ ተገኝቷል። ሆርሞን አይማታም። በ2016ቱ ጥናት ደግሞ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ ወንዶቹ 28 በመቶ ናቸው። ጸሐፊው ይህን ቁጥር «ሴቶቹ ራሳቸው ከተቀበሉት ምን አገባን» ለማለት ይጠቅሱታል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልጠቀሱትም። እኔ ግን አነሳዋለሁ፤ ዱላው የሚገባት መስሎ የሚታያት ሴት ሐኪም ፊት ስትቀርብ የሚሰማት ጥፋተኝነት ነውና። ጥፋተኝነት ደግሞ ከድብርት ምልክቶች አንዱ ነው።

በቡናው፣ በማኅበሩና በሽማግሌው ነገር ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከጸሐፊው ነጥቦች ሁሉ እውነት ያለበት ይህ ነውና። ለአራስ የምናደርገው እንክብካቤ ትልቅ ሀብት ነው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ብቻዋን አለመተዋ፣ እስከ ክርስትናው 40 ወይም 80 ቀን ድረስ ከከባድ ሥራ ማረፏ፣ እናቷ መጥታ አጠገቧ መተኛቷ። በቡታጅራ የተሠሩ ጥናቶች እነዚህን ልማዶች ከእናቶች የአእምሮ ጤና ጋር አያይዘው መርምረዋቸዋል፤ የመረመሯቸውም ተራ ወግ አጥባቂነት ነው ብለው ስላልናቋቸው ነው። ክሊኒካችን የአንዲት እናት መምጣት የሚሰጠውን ያህል አይሰጥም፤ ይህን አምናለሁ።

ይሁን እንጂ ይህ እንክብካቤ ለማን ነው የሚደርሰው? በአሠሪዋ ቤት አርግዛ የተባረረችው የቤት ሠራተኛ ገንፎ የሚያገነፋላት የለም። በአዲስ አበባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ እናቷ ወሎ ወይም ጎጃም ያለች ወጣት፣ ባሏ ሥራ ሲውል ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ነው የምትውለው። ያለ ባል የወለደችው ደግሞ ከገንፎው በፊት ጥያቄው ይቀርብላታል። ልማዱ ጥሩ የሚሆነው የተከበረ ቦታ ላላት ሴት ነው፤ ለሕመም ይበልጥ የተጋለጡት ግን ያ ቦታ የሌላቸው ናቸው። በገጠርም ቢሆን በአንዳንድ ቤት ወንድ ሲወለድና ሴት ስትወለድ የሚታረደው ከብትና የሚመጣው ጠያቂ እኩል አይደለም፤ እናትየው ይህን ትቆጥራለች።

ሽማግሌውም እንዲሁ ነው። ሽማግሌ የሚሰበሰበው ትዳሩን ለማዳን ነው፤ ሥራውም ነው፣ አይወቀስበትም። «ቻይው፣ ለልጆችሽ ስትይ» የሚለው ምክር ትዳሩን ያድን ይሆናል። እንቅልፍ ካጣች ወራት ያለፏትን፣ መኖር አስጠልቷት ማታ ማታ ስለ ሞት የምታስበውን ሴት ግን የሚያድን ምክር አይደለም፤ ምክሩን ሰምታ ከሄደች በኋላ ችግሯን ደግማ የምታነሳበት በር ይዘጋባታል፤ ተፈርዶባታልና። ስለ ጸበል ብዙ አልልም። ጸበሉን የሚከለክል የለም፤ መድኃኒቷን እየዋጠች ብትጠመቅ የሚጣላ ነገርም የለም። ይህን የሚሉ ካህናት አውቃለሁ፤ ጥቂት አይደሉም። እኔ የታዘብኩት ሌላ ነው። በሬ ተሽጦ ወደ ከተማ ለሕክምና የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ልጅ ነው። ለልጅቷ «ጸበል ይበቃታል» ይባላል። ስለዚህ ጸበልን ከኪኒን ጋር የሚያወዳድሩት ጸሐፊ፣ በሬው ለማን እንደሚሸጥ ቢጠይቁ ኖሮ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ። ጸሐፊው ሕጉ እኩል አድርጎናል ይላሉ፤ በወረቀት ላይ በአብዛኛው አድርጎናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር፤ ይህ የተሻረው ገና በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ዛሬ ወደ ክፍላችን የሚመጡት የሃምሳና የስልሳ ዓመት እናቶች ያገቡት «አለቃ» ነበር ማለት ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት ወንጀል ነው፤ አንቀጽ 564። ነገር ግን ስለ አስገድዶ መድፈር የሚደነግገው አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጪ» የሚል ቃል አለው። በዚህ ቃል ምክንያት ባሏ ያስገደዳት ሴት በዚህ አንቀጽ ከሳሽ መሆን አትችልም። «እኩል ነን» የሚለው ጽሑፍ ይህን አንቀጽ አላነበበም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ደግሞ ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ የሚሰጠው የአባትነት ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሌሊቱ የማን እንደሆነ ሕጉ ነግሮናል።

«የሆስፒታሉ በር ክፍት ነው» ለሚለው፣ በሩ ክፍት ነው፤ ትክክል። ከዚያ በር ለመድረስ ግን ሴትየዋ የመኪና ገንዘብ ከባሏ እጅ ትጠብቃለች፤ ልጆቿን የሚጠብቅላት ትፈልጋለች፤ ወጥ ሠርታ፣ ሊጥ አቡክታ ነው የምትወጣው። መድኃኒቱ በየወሩ የሚወሰድ ከሆነ ይህ ሁሉ በየወሩ ይደገማል። ስትቀር «ክትትሏን ያቋረጠች» ብለን መዝገብ ላይ እንጽፋለን፤ ለምን እንደቀረች የሚጻፍበት ቦታ ግን ፎርሙ የለውም።

ከገባች በኋላም ቢሆን ሕክምናው ራሱ ሴት መሆኗን የሚያስታውስበት ጊዜ ትንሽ ነው። ሶዲየም ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት የሚጥል በሽታና የስሜት መዋዠቅ ሕመም ላለባቸው ይታዘዛል። በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ በፅንሱ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያስከትል፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ልጅ ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች እንዳይሰጥ ይመክራል። ወሊድ መቆጣጠሪያ ትጠቀሚያለሽ ወይ፣ ልጅ ለመውለድ ታስቢያለሽ ወይ ሳትባል ቫልፕሮኤት ስትውጥ የቆየች ወጣት ካርድ ስንት ጊዜ ገልጫለሁ። ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት እንደ ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ የወር አበባን ሊያስቀሩ ይችላሉ። አስቀድሞ ካልተነገራት፣ ያገባችው «አረገዝኩ» ብላ መድኃኒቱን ታቆማለች፤ ያላገባችው ሰው ምን ይለኛል ብላ ታቆማለች። ሁለቱም አገርሽቶባቸው ይመለሳሉ። ወንዱ ታካሚ ይህ ፈተና የለበትም፤ ስለዚህ «ለሁሉም እኩል» የሚሰጠው አምስት ደቂቃ እኩል አይደለም።

ሌላም አለ። ባል ሲታመም ሚስት ታስታምመዋለች፤ ይህን በየቀኑ አያለሁ፤ ጠርሙስ ውኃና የተቋጠረ ምሳ ይዛ ከጎኑ አትጠፋም። ሚስት ስትታመም የሚያመጣት ስንት ጊዜ እናቷ ወይም እህቷ ናት። ባልየው «ወደ ወላጆቿ መልሻታለሁ» ብሏል። ጥሩ ባሎች የሉም አልልም፤ ሚስቱን አዝሎ ደረጃ የወጣ ገበሬ አይቻለሁ። ግን እሱን ያየን ቀን ሁላችንም ስናወራው ዋልን። ሚስት ባሏን ብትሸከም ግን የሚያወራው ሰው አይኖርም።

ዓረብ አገር ሄደው ታመው ስለሚመለሱት ልጆች ጸሐፊው የጻፉት ከሁሉም ያስቆጣኝ ነው፤ ምክር ባለመስማታቸው ነው ይላሉ። ብዙዎቹ የሄዱት ወላጅ ስለከለከላቸው ሳይሆን ወላጅ ስለላካቸው ነው፤ ለወንድም ትምህርት፣ ለቤት ጣሪያ፣ ለዕዳ። በከፋላ፣ ማለትም በአሠሪ ዋስትና፣ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ፓስፖርቷ ይያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። እንቅልፍ የሌለበት ሥራ፣ የሚነጠቅ ደመወዝ፣ የሚዘጋ በር፣ የማይገባ ቋንቋ፤ ማንኛውንም ጤነኛ ሰው ለመስበር ይህ ይበቃል። የካቲት 2004 ዓ.ም. ዓለም ደቻሳ የተባለችው የሁለት ልጆች እናት ቤይሩት ከሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ በግድ እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትገባ በቪዲዮ ታየች። ከዚያ በኋላ የተወሰደችው ወደ አእምሮ ሆስፒታል ነው። በመጋቢት እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷን በራሷ እጅ አጣች። ደጋግሜ የማስበው ስለ ሆስፒታሉ ነው፤ ተበደልኩ የምትል ሴት ወደ ሕግ ፊት ሳይሆን ወደ አእምሮ ሕክምና መወሰዷ። እኔ የምሠራበት ሙያ እንዲህ ሊያገለግል እንደሚችል ማወቅ ደስ አይልም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው ሴቶቹ ምን እንደደረሰባቸው ከመጠየቃቸው በፊት በየቤቱ የቀደመው ጥያቄ «ስንት ይዘሽ መጣሽ?» ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ ቅንጦት የሚለው ነው። ወባው፣ የምግብ እጥረቱ፣ የሕፃናት ሞት ይቅደም ይላሉ። ቡታጅራ ላይ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከትሎ በተሠራው ጥናት፣ በእርግዝና ጊዜ ከፍተኛ የአእምሮ ጭንቀት የነበረባቸው ሴቶች ምጣቸው የመራዘም፣ ሕፃኑን ጡት ማጥባት ዘግይተው የመጀመር ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በእናቶች ጭንቀትና በሕፃናት ተቅማጥ መካከልም ግንኙነት ታይቷል። ስለዚህ ጸሐፊው «ይቅደም» ያሉትና «ይቆይ» ያሉት በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ ላይ ናቸው።

ገንዘቡ የለም ለሚለውም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በጉራጌ አካባቢ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ሠልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመም የሚያክሙ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ውጤት በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት ክትትል ያነሰ አልነበረም። አዲስ ሕንፃ አላስፈለገም። እናቶች ደግሞ ለ45 ቀን ክትባት ሕፃናቱን አቅፈው ራሳቸው ይመጣሉ፤ ጥሪ አያስፈልጋቸውም። ሕፃኑ ሲመዘን እናትየዋ እንቅልፍ ትተኛ እንደሆነ፣ ደስ የሚላት ነገር ይኖር እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚመታት ሰው ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው የማይቋረጥ የድብርት መድኃኒቶቹ የፍሉኦክሰቲንና የአሚትሪፕቲሊን አቅርቦት፣ መስማት የተማረች አንዲት ነርስና በር ያለው አንድ ክፍል ነው። ከሦስቱ ርካሹ ክፍሉ ነው፤ እኔ ባየኋቸው ጤና ጣቢያዎች ደጋግሞ ሲጎድል ያገኘሁትም እሱን ነው። እናትየዋ ከመጋረጃ በስተኋላ፣ የሚቀጥለው ተራ ጠባቂ እየሰማ፣ «ማን ነው የመታሽ?» ተብላ ትጠየቃለች።